የሽማግሌዎች ደብዳቤ ይጠበቅ

ከአባቶቻችን የምንወርሰው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ቤትና መሬት» ይል ይሆናል። እኔ ግን ደብዳቤም ርስት ነው እላለሁ።

የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስና ሦስተኛው ቶማስ ጄፈርሰን ወዳጆች ነበሩ። በ1800 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫ ጄፈርሰን ስላሸነፈ ተኳረፉ። ሁለቱም ከሥልጣን ወርደው በየርስታቸው ሲኖሩ፥ ቤንጃሚን ረሽ የተባለ ሐኪም እንደ አገራችን ሽማግሌ በመካከላቸው ገብቶ አስታረቃቸው። ከ1812 ጀምሮም ስለ መንግሥት፥ ስለ ሃይማኖትና ስለ እርጅና ይጻጻፉ ነበር። ሁለቱም በአንድ ቀን፥ ጁላይ 4 ቀን 1826 ሞቱ። ጄፈርሰን ሁለት ብዕር በተገጠመለት መሣሪያ እየጻፈ ግልባጩን ለራሱ ያስቀር ስለ ነበር፥ እነዚያ ደብዳቤዎች ዛሬም ይነበባሉ።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። በ1876 ዓ.ም. በሸዋ የተወለዱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ ተምረው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፥ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው። ከስደት ተመልሰው በሐረርጌ፥ በሂርና በእርሻ ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ሲያርፉ የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው ትተው ነበር። መጽሐፉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በመካከሉ ወረቀቱን የጠበቀ ባይኖር ኖሮ እኛ ምን እናነብ ነበር?

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አያቴ በጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ ደብዳቤዎቻቸውን በቆርቆሮ ሣጥን ያኖሩ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ሣጥኑ ከቤቱ ጋር ነደደ። ሁሉም ጠፋ ብለን አለቀስን። ዳሩ ግን አያቴ ለደብረ ብርሃን ወዳጃቸው የላኳቸው ደብዳቤዎች በወዳጃቸው ልጆች እጅ ተገኙ። ስለ 1977ቱ ድርቅ፥ ስለ ማሽላና ስለ ማሾ ዋጋ፥ ታርቀው ስላስታረቋቸውም ጎረቤቶች ይናገራሉ። ደብዳቤ በሁለት ቤት ስለሚኖር አንዱ ቤት ቢቃጠል ሁለተኛው ያተርፈዋል።

አንዳንድ ሰዎች «የሰው ምሥጢር አይነበብም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ስለዚህ አስቀድመን ባለቤቱን እናስፈቅድ፤ የሚያሳፍረውን እንተው። ነገር ግን ምሥጢር መጠበቅ ሌላ ነው፤ ወረቀቱን ለምስጥና ለስኳር መጠቅለያ መስጠት ሌላ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን ወደ አያቶቻችን ቀርበን «ደብዳቤ አለዎት ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ያገኘነውን በንጹሕ ደብተር እንገልብጥ፤ ግልባጩንም በሌላ ቤት እናኑር። ቤት ሲፈርስ እንደገና ይሠራል። የሞተ ሰው ግን ደብዳቤውን ሁለተኛ አይጽፍልንም።