የካንሰር ታማሚን ከቅባት መከልከል ሕክምናውን አያግዝም

በቅርቡ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በምሠራበት የምርመራ ክፍል አንዲት የጡት ካንሰር ታማሚ እናት ከልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። ሦስተኛውን ዙር ኬሞቴራፒ ለመውሰድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አዲስ አበባ ቢደርሱም፣ ክብደታቸው በጣም ቀንሶና ደማቸው አንሶ በመገኘቱ ሕክምናው ተላልፎባቸው ተመልሰዋል። ምን እንደሚመገቡ ስጠይቅ ልጃቸው ቀድሞ መለሰ። «ዶክተር፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ካቆምንላት ሁለት ወር ሆነን። ካንሰር ቅባት ይወዳል ብለውናል» አለኝ። እናቱን ያስራባት ስለሚወዳት ነው።

ለዚህ ስህተት እኛ የጤና ባለሙያዎችም ተጠያቂዎች ነን። ለደም ግፊትና ለልብ ሕሙማን «ቅባት ቀንሱ» እንላለን፤ ምክሩ ለማን እንደሆነ ለይተን ስለማንናገር ግን ሰው ለሁሉም በሽታ ይወስደዋል። በካንሰርና በቅባት መካከል ግንኙነት መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም ነገሩ ቤተሰብ እንደሚያስበው አይደለም።

እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ፣ የካንሰሩም ጭምር፣ በድርብ የቅባት ሽፋን የተከበበ ነው። ይህ ሽፋን ወደ ሕዋሱ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠራል፤ ክፉኛ ከተጎዳ ሕዋሱ ይሞታል። የሽፋኑን ባሕርይ ለመረዳት ወደ ማዕድ ቤታችን እንመልከት። የኑግ ዘይት ፀሐይ ላይ ከቆየ ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣል፤ በደንብ የተነጠረ ቅቤ ግን ለወራት ይቆያል። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ቅባት ከኦክስጅን ጋር በቀላሉ የሚዋሐድ መሆኑ ነው። የሕዋስ ሽፋን በቀላሉ የሚበላሸውንም ሆነ የሚጠነክረውን የቅባት ዓይነት ይዟል።

የጨረር ሕክምናና የብዙዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ዋና ዒላማ የካንሰሩ ዘረመል ነው። ይሁን እንጂ ጨረርም ሆነ፣ ታማሚዎች በቀይ ቀለሙ የሚያውቁት ዶክሶሩቢሲን፣ በሕዋሱ ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ውህዶችን ያመነጫሉ። እነዚህ ውህዶች የሽፋኑን ቅባት ፀሐይ ላይ እንደቆየ ዘይት ያበላሹታል። በብረት አጋዥነት ቅባቱ ተበላሽቶ ሕዋሱ የሚሞትበትን መንገድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 «ፌሮፕቶሲስ» ብለው ሰይመውታል።

አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳት ግን ይላመዳሉ። በሽፋናቸው ላይ በቀላሉ የማይበላሸውን፣ እንደ ቅቤ የሚረጋውን ቅባት እያበዙ ሕክምናውን ይቋቋማሉ። ለዚህም የእኛን ቅቤ አይጠብቁም፤ ቅባቱን ከስኳር ራሳቸው መሥራት ይችላሉ። ስለዚህ ቅባት የተከለከለው ታማሚ ይከሳል እንጂ ዕጢው አይራብም።

ጉዳቱ በመክሳት ብቻ አያበቃም። ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ ዙሮች በየ21 ቀኑ የሚሰጡት ጤናማዎቹ ሕዋሳት እንዲያገግሙ፣ ካንሰሩ ግን ፋታ እንዳያገኝ ታስቦ ነው። ታማሚው በአቅም ማነስ ቀጠሮው ሲተላለፍበት፣ ከመድኃኒቱ የተረፉት የካንሰር ሕዋሳት እንደገና የሚበዙበት ጊዜ ያገኛሉ።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? በቆላችን የሚበቅለው ማሾ በዘይት ተሠርቶ ጥሩ የፕሮቲንና የጉልበት ምንጭ ነው። በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የተፈላ ወተት፣ ቅቤ የገባበት ገንፎ፣ አቮካዶም ይጠቅማሉ። አፍ ለቆሰለና የምግብ ፍላጎት ለጠፋበት ሰው ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ቶሎ ቶሎ መስጠት ይሻላል። ኬሞቴራፒ የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚቀንስ ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት መቅረት አለባቸው። የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ታማሚ ግን ምግቡን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ጾምን በተመለከተ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሃይማኖት አባቶቹን ቢያማክር ለታማሚ የሚሆን መፍትሔ አያጣም።

ሁለት ነገሮችን አጥብቄ አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ «ጉልበት ይሰጣል» ተብሎ የሚገዛ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ወይም የዕፅዋት ዱቄት ሐኪሙ ሳያውቅ አይወሰድ። የሽፋኑን ቅባት ከመበላሸት የሚከላከሉ እንደ ቫይታሚን ኢ ያሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት ሲወሰዱ የካንሰሩን ሕዋስም ከሕክምናው ሊከላከሉለት ይችላሉ። ሁለተኛው ትኩሳት ነው። በይፋት ቆላ ትኩሳት ሲመጣ «ወባ ነው» ብሎ ቤት ውስጥ የተረፈ ክኒን መዋጥ የተለመደ ነው። ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ግን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሕይወት የሚቀጥፍ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ኬሞቴራፒ እየወሰደ መሆኑንም በር ላይ ይናገር።

ለሙያ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። የቀጠሮ ወረቀት ስንሰጥ ታማሚው ምን መብላት እንዳለበት አብረን እንጻፍለት። ከአዲስ አበባ ጣርማ በርን አቋርጦ ቆላ ለሚወርድ ቤተሰብ ያ ወረቀት ከጎረቤት ወሬ የሚታመን መልስ ይሆነዋል።

እኚያ እናት ሲወጡ «ልጄ፣ እንግዲህ ገንፎዬን በቅቤ ልብላ?» ብለው ጠየቁኝ። «ይብሉ እማማ፤ ለሚቀጥለው ዙር አቅም ይሆንዎታል» አልኳቸው። ውድ አንባቢያን፣ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «ምን እንከልክል?» ከማለታችሁ በፊት «ምን እናብላ?» ብላችሁ ጠይቁ።