የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ተቋርጧል፦ በኮምፒውተር የተያዘው መዝገባችን ምን ይሁን?

ባሕር ዳር፦ ጥር 2018 ዓ.ም.

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ይህ ስርዓተ ክወና ለገበያ የቀረበው ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲሆን ከአሥር ዓመታት በላይ አገልግሏል። ድጋፉ በተቋረጠበት ዕለት በዓይን የታየ ለውጥ አልነበረም። ኮምፒውተሮች እንደ ወትሮው ተከፍተዋል፤ ደብዳቤ ተጽፎባቸዋል፤ ደረሰኝ ታትሞባቸዋል። ብዙዎች ጉዳዩን ልብ ሳይሉት ያለፉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ግን በቤቱ ኮምፒውተር ያለውን የከተማ ነዋሪ ብቻ የሚመለከት አይደለም። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ አርሶ አደርም የመሬት ይዞታው መረጃ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ቁጠባው በገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የማዳበሪያ ሂሳቡ በዩኒየን ኮምፒውተር ውስጥ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ወደ አዲሱ እንሸጋገር ወይስ ባለው እንቀጥል?» የሚለው ጥያቄ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። መመዘኛውም የማሽኑ አዲስነት ወይም አሮጌነት ሳይሆን «በውስጡ ያለው መዝገብ የማን ነው? ቢጠፋስ የሚጎዳው ማን ነው?» የሚለው መሆን ይኖርበታል።

ስርዓተ ክወና የኮምፒውተሩን አካላት የሚያስተዳድርና ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የትእዛዝ መስመሮች ስላሉት ስሕተት አያጣውም። ወንጀለኞች ስሕተቱን ሲያገኙት መግቢያ ያደርጉታል፤ አምራቹ ደግሞ በየወሩ በሚልከው የደኅንነት ማሻሻያ ይደፍነዋል። ነገሩ ከግቢ አጥር ጋር ይመሳሰላል። አጥር በየጊዜው ይሸነቆራል፤ ባለቤቱ ካልጠገነው ሌባው ወይም ጅቡ ቀድሞ ያገኘዋል። የድጋፍ መቋረጥ ማለት የአጥሩ ጠጋኝ ከእንግዲህ አይመጣም ማለት ነው። ማይክሮሶፍት የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሙን መረጃ እስከ 2021 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ማደስ እንደሚቀጥል አስታውቋል። ይህ ግን በተሸነቆረ ግቢ ውስጥ ውሻ እንደ ማሰር ነው። ይጠቅማል፤ አጥሩን ግን አይተካም።

አደጋው ምን ያህል እንደሚከፋ ዓለም አይቶታል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተሰኘ ጎጂ ሶፍትዌር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ150 በላይ በሚሆኑ ሀገሮች ከ200 ሺህ የሚበልጡ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። ሰነዶችን ቆልፎ ለመክፈቻው 300 ዶላር ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ብቻ ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ የሕሙማን ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ ተገምቷል። የሚያስቆጨው ማይክሮሶፍት ሽንቁሩን የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማውጣቱ ነበር። ከተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ በወቅቱ ድጋፍ ያልተቋረጠበትን ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ ነበሩ። ማሻሻያው ተዘጋጅቶላቸው ሳለ አልጫኑትም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒውተር ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ ስርዓተ ክወና ገዝቶ ማሻሻያውን አለመጫንም ከዚያ የተሻለ አይደለም።

ታዲያ ሁሉም ለምን ወዲያው ወደ ዊንዶውስ 11 አይሸጋገርም? ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ላለውና መስፈርቱን ለሚያሟላ ኮምፒውተር ሽግግሩ ያለ ክፍያ ነው። ችግሩ ያለው መስፈርቱ ላይ ነው። መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ እና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ የደኅንነት አካል ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአመዛኙ የሚቀበለው 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ነው። በመሆኑም ከ2010 ዓ.ም. በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች በሚገባ እየሠሩም ቢሆን ከመስፈርቱ ውጭ ይሆናሉ።

ይህ በዓለም ዙሪያ ቅሬታ አስነስቷል። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ተቋም 240 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች በዚህ ሳቢያ ወደ ቆሻሻነት ሊለወጡ እንደሚችሉ ቀደም ብሎ ገምቶ ነበር። ቅሬታው መሠረት አለው፤ የሚሠራ ዕቃ ጣሉ መባል ለማንም አይዋጥም። ለእኛ ደግሞ ጫናው ይበረታል። ኮምፒውተር ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በብድር የተገዛ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዞ የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጥ ወጣት «አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም።

ይህ ጫና ወደ አቋራጭ ይገፋል። መስፈርቱን በማያሟላ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 11ን በዘዴ የሚጭኑ አሉ። መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ማሽን ማሻሻያ ለማግኘቱ ዋስትና እንደሌለው ማይክሮሶፍት በግልጽ አስታውቋል። ሌላው አቋራጭ ያለ ፈቃድ የተባዛ ቅጂ መጫን ነው። ፈቃዱን ለመስበር የሚያገለግሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች ራሳቸው ቫይረስ ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ። አጥሩን ለማጠናከር ተብሎ በሩ ለማይታወቅ ሰው ይከፈታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተደረገ ሽግግር ከመዘግየቱ የባሰ ኪሳራ ሊያመጣ ይችላል።

ከአቋራጮቹ ውጭ ሦስት ቀና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ነው። የግል ተጠቃሚዎች 30 ዶላር በመክፈል፣ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው የኮምፒውተራቸውን ቅንብር መጠባበቂያ ቅጂ በማስቀመጥ ያለ ክፍያ፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ማሻሻያ የሚያገኙበት አሠራር ተዘርግቷል። ለድርጅቶች ክፍያው ለአንድ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ በእጥፍ እያደገ እስከ ሦስት ዓመት ይቀጥላል። ሦስቱ ዓመታት ሲደመሩ 427 ዶላር ይሆናል። ለድርጅቶች እንግዲህ ይህ የእፎይታ ጊዜ እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ መጫን ነው። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ዝርያ በ2 ጊጋባይት ራም ይነሣል፤ 4 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል። የአማርኛ ፊደል ይጻፍበታል፤ ሊብሬኦፊስ በተባለው ፕሮግራም ደብዳቤና የሂሳብ ሠንጠረዥ ይሠራበታል። ነገር ግን እንደ ፒችትሪ ያሉ ለዊንዶውስ ተብለው የተሠሩ የሂሳብ ፕሮግራሞች በቀጥታ አይሠሩበትም። ሦስተኛው መንገድ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ነጥሎ ለጽሕፈትና ለኅትመት ብቻ ማዋል ነው። ይህም ቢሆን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ የሚሰካበት ከሆነ ቫይረሱ በዚያው ይገባል።

እነዚህን አማራጮች ይዘን ኮምፒውተሮችን በሦስት መክፈል እንችላለን። የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ወይም መብት የተመዘገበባቸው ይቅደሙ። የቁጠባ ማኅበር፣ የዩኒየን፣ የመሬት አስተዳደር፣ የጤና ጣቢያ ኮምፒውተሮች በዚህ ይመደባሉ። ለእነዚህ መዘግየት አይመከርም፤ መስፈርቱን ካሟሉ ማሸጋገር፣ ካላሟሉ የተራዘመውን ማሻሻያ ገዝቶ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለመተኪያው በጀት መያዝ ይገባል። ቀጥሎ የሚመጡት የባለቤታቸው የባንክ ሂሳብና የግል መልእክት የሚከፈትባቸው ናቸው። በእነዚህ የግል ተጠቃሚው የእፎይታ ጊዜውን ወይም ሊኑክስን ሊመርጥ ይችላል። በመጨረሻም ደብዳቤ ተጽፎ ከሚታተምባቸው በቀር ሌላ ሥራ የሌላቸው አሉ። እነዚህ ከኢንተርኔት ተነጥለው ዕድሜያቸውን ቢጨርሱ ብዙ የሚጎዳ የለም።

ኮምፒውተሩ መስፈርቱን ማሟላቱን ለማወቅ ባለሙያ መክፈል አያስፈልግም። ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ሲከፍቱ ማሽኑ ለዊንዶውስ 11 ብቁ መሆን አለመሆኑን ይናገራል። ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰውም ይህን ሳያይ ገንዘቡን ባይከፍል መልካም ነው። በበለጸጉት ሀገሮች የሚወገዱት መስፈርቱን የማያሟሉ ማሽኖች በርካሽ ዋጋ ወደ ገበያችን ሊመጡ ይችላሉና።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ መቅደም ያለበት መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ሰነዶችን ሁሉ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ፣ ቅጂው በትክክል መከፈቱን በሌላ ኮምፒውተር ማረጋገጥ፣ ከዚያም ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይቆለፋል። የአማርኛ ሰነዶች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ሥርዓት ውጭ በነበሩት የቀድሞ መጻፊያዎች የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎችና ውሎች ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። አሮጌው ኮምፒውተር ከመነካቱ በፊት የፊደል ፋይሎቹን አብሮ መገልበጥ፣ ዋና ዋና ሰነዶችን ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ወይም አትሞ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ነባር የሂሳብ ፕሮግራሞችና ማተሚያዎችም በአዲሱ ስርዓት ላይ መሥራታቸው አስቀድሞ በአንድ ኮምፒውተር ይሞከር።

የሌሎችን መረጃ የያዘ ተቋም ይህን ማድረጉ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል ለመረጃው ደኅንነት ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ግዴታ ጥሎበታል። ሆኖም አዋጅ ብቻውን መዝገብ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የባለመብቱ ጥያቄ ነው።

የማኅበር አባላት በጠቅላላ ጉባኤያቸው ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ይጠይቃሉ። ከእንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ይበጃል። መዝገባችን የተቀመጠበት ኮምፒውተር የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል? ዛሬ ማታ ቢበላሽ ነገ ጠዋት ቁጠባችንን የምናይበት ሌላ ቅጂ የት ይገኛል? ለሁለቱም የሚያረካ መልስ ያለው ማኅበር ኮምፒውተሩ አሮጌ ቢሆንም ሊሰጋ አይገባም። መልስ ያጣው ግን ኮምፒውተሩ ትናንት የተገዛ ቢሆን እንኳ የአባላቱን ቁጠባ ለአደጋ አጋልጧል።