ማስታወቂያ መሣል ውርደት አይደለም

«ሥነ ጥበብ ተምሮ የሱቅ ሰሌዳ ሊጽፍ ነውን?» የሚል ፌዝ በመካከላችን ይሰማል። እኛ ግን እንቃወመዋለን። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ጎን የግራፊክ ጥበብንም ያስተምራል። የፒያሳ መንገደኛ ቆሞ አያነብም፤ ስለዚህ በጥቂት ፊደልና በአንድ ሥዕል ብዙ መናገርን የተማረ ሰው ከሱቅ ሰሌዳ አልፎ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለቴምብር፣ ለፊልምም ይበቃል።

በ2016 ዓ.ም. የአሮጌው ፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ሰሌዳዎቻቸውም አብረው ወርደዋል። አዲሶቹን ማን ይጽፋቸው? የፊደላችንን መልክ ያጠና ባለሙያ ወይስ ያገኘውን የሚገለብጥ?

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ማኅበራችን የሚለጥፈውን ማስታወቂያ ለእነዚህ ተማሪዎች ይስጥ፤ ዋጋቸውንም ይክፈል። ምስጋና ብቻውን ቀለም አይገዛም።