ከጎናችሁ የቆመው ማን ነው?

በዚህ ወር ስለ አጥቢያችን፣ ማለትም በአንድ ቅጽር ውስጥ አብረን ስለምንቆም ሰዎች ላወጋችሁ ወድጃለሁ። ወጌ ከራሴ ጥፋት ይጀምራል።

ከየካ ተራራ ግርጌ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ማስቀደስ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቅዳሴ የምታስቀድሱ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በመካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንለዋወጥ ያዝዛል። ያን ጊዜ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዞር እያልን አጠገባችን ለቆመው አንገታችንን ዝቅ እናደርጋለን። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ በቀኜ የቆመችው አበልጄ ነበረች። የሴት ልጄ የክርስትና እናት ናት፤ የሚካኤልን ጽዋ አሥራ አምስት ዓመት አብረን ጠጥተናል። እኔ ግን ወደ ግራ ብቻ ዞርኩ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገንዘብ ስናዋጣ ቆይተናል፤ የአሠሪ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ደግሞ የአበልጄ ባለቤት ነው። አንድ ቀን ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እኔም ሳላጣራ ለሦስት ሰው ላክሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? በሁለት ሳምንት ውስጥ አጥቢያው «የእነ እገሌ ወገን» እየተባባለ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ወደ ሌላ ደብር ሄደ። ማኅበራችን በወሩ በ12 ሲሰበሰብ ከአሥራ ስምንታችን የመጣነው አምስት ብቻ ነበርን። ልጄ «የክርስትና እናቴ ለፋሲካ ለምን አልመጣችም?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ሒሳቡ ሲመረመር ገንዘቡ አንድም ሳይጎድል ተገኘ። ለሲሚንቶና ለብረት ቅድሚያ ተከፍሎ ኖሯል። ኮሚቴውም ቢሆን ጥፋት አላጣም፤ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ለምእመናኑ ሪፖርት አላቀረበም። ዝምታው ለወሬ በር ከፈተ፤ በተከፈተው በር የገባነው ግን እኛ ነን።

እንዲህ ያለው ነገር በትንሽ አጥቢያ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ አገር ቤትና ውጭ አገር በሚል ለሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይታለች። በባዕድ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ወንድማማቾች በፓትርያርኩ ስም የተነሣ በተለያየ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሱ ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ እርቅ ወረደ። ውግዘቱ ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደሩ ሥራ እንዲያገለግሉ፣ የሁለቱም ስም በቅዳሴ እንዲጠራ ተስማሙ። እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ እርቅ የሚጸናው ማንም ተሸናፊ ሆኖ ከማዕዱ እንዳይነሣ ሲደረግ መሆኑን ነው።

አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 2015 ዓ.ም. ወሊሶ አካባቢ ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ሲሰጥ ሌላ ፈተና መጣ። በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሰን ያለቀስንበትን፣ የሰው ሕይወትም የጠፋበትን ያን ሰሞን አንረሳውም። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ላይ ተደረሰ። ከተነሡት ቅሬታዎች አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው በበቂ አለመገልገሉ ነበር። ሹመቱን ቀኖና ባይደግፈውም፣ ሰው ወንጌልን በአፉ በፈታበት ቋንቋ መስማት መፈለጉ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቅሬታ ገና ትንሽ ሳለ ካልተደመጠ አድጎ ይመጣል።

ታዲያ እኛ በየአጥቢያችን ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፣ ሒሳብ በአደባባይ ይነገር። ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዐዋዲ ሲቋቋም ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው እንዲሠሩበት ታስቦ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ተገኙ፣ ጠይቁም። በጊዜው የሚጠይቅ ሰው ኋላ አያማም።

ሁለተኛ፣ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። አስቀድሞ ለብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ምስክር ይዞ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን ነው የሚለው። እኔ የጀመርኩት ከመጨረሻው ነው፤ ያውም በስልክ።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩን፣ ሰንበቴውን፣ እድሩን አትተዉ። በትልቅ ቅጽር ውስጥ ሺህ ሰው ሳይተዋወቅ አስቀድሶ ይበታተናል። ስማችሁን የሚያውቅና ስትጠፉ የሚጠይቅ ጽዋውን አብሯችሁ የያዘው ሰው ነው።

በቀደም ወደ ዋሻ ሚካኤል ስወጣ፣ ከየካ በላይ ካለው ጥንታዊ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ማለቴ ነው፣ ከእንጦጦ ደን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አገኘሁ። አንደኛዋ አረፍ ብላ ስትነሣ ሸክሙን ለብቻዋ ማንሣት አልቻለችም። ጓደኛዋ የራሷን ሸክም እንደተሸከመች ጎንበስ ብላ አሸከመቻት። ለእኔና ለአበልጄ አፈርኩ።

በሳምንቱ ንስሐ አባቴን ይዤ ቤቷ ሄድኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፣ «አንቺ እኮ መጥተሽ ብትጠይቂኝ ሣጥኑን ከፍቼ ደረሰኙን አሳይሽ ነበር፤» አለችኝ። አባታችን ጸሎት አድርገው፣ ይቅር ተባብለን ተለያየን። ባለቤቷ ግን ወደ ኮሚቴው አልተመለሰም፤ እሷም ማኅበር መምጣት አልጀመረችም። የቃል ቁስል በአንድ ቀን እንደማይሽር አሁን ገብቶኛል።

በሚመጣው 12 ተረኛዋ እኔ ነኝ። ትምጣ አትምጣ አላውቅም። ዳቦው ግን የእሷም ድርሻ ታስቦ ይጋገራል።

እናንተስ፣ በሚመጣው እሑድ ዲያቆኑ ሰላምታ ተለዋወጡ ሲል የማትዞሩበት ጎን አላችሁ? ካለ፣ እሑድን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ደውሉ፤ ከተቻለም በእግራችሁ ሂዱ።

ቸር ይግጠመን።