ምስጋና ሸክም አያቀልም

ወጣቶች ሆይ፤ በዚህ ዘመን ለእናቶች የሚሰጥ አንድ ምስጋና አለ። ይኸውም፥ «ቢሮዋንም፣ ቤቷንም፣ ልጆቿንም አስማምታ የያዘች ብርቱ ሴት» የሚል ነው። ቃሉ ለጆሮ ደስ ያሰኛል። እኔ ግን ተንኰል አለበት እላለሁ፤ ሸክም መካፈል የማይወድ ሰው ተሸካሚዋን ማመስገን ይቀለዋልና።

እዚህ በሐረር፣ በአቦከር፣ የዚህችን ብርቱ ሴት ውሎ ማንም ሊያየው ይችላል። ከንጋት በፊት ተነሥታ ቁርስ ትሠራለች፤ ልጆቿን አልብሳ ትሸኛለች፤ ከዚያም ወደ መሥሪያ ቤቷ ወይም ወደ ሱቋ ትሮጣለች። ሲመሽ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በሸዋ በር ገበያ በኩል ትመለስና እንደ ገና ምድጃ ሥር ትቀመጣለች። ባልም እንደ እርሷ ሠርቶ ይሆናል፤ ነገር ግን ለእርሱ ከሥራ በኋላ ያለው ጊዜ የዕረፍትና የበርጫ ነው። ደመወዝ የሚያመጡት ሁለት፣ የቤቱን ሥራ የሚሠራው ግን አንድ ሰው ሲሆን፣ ይህ ማስማማት ሳይሆን ማድላት ነው።

አንዳንዶች፥ «የቀድሞ እናቶቻችንስ ሁሉን ችለው አልነበረምን?» ይላሉ። ችለው ነበር፤ ብቻቸውን ግን አልነበሩም። በጀጎል ውስጥ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ዘመዳሞች ልጅን በጋራ ያሳድጉ ነበር፤ ለሠርግና ለሐዘንም የሴቶቹ አፎቻ ይደርስ ነበር። ሰባኪዎች ዘወትር የሚያነሷት፣ በመጽሐፈ ምሳሌ 31ኛ ምዕራፍ የተመሰገነችው ሴት እንኳ ገረዶች ነበሯት። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ ካደረገ በኋላ፣ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገደዳት ባሏ አሽከር ሊያቆምላት ባልቻለ ጊዜ ነበር። ያ ሕግ ለአሽከር ስፍራ አገኘ፤ ለባል እጅ ግን ስፍራ አላገኘም።

በ1992 ዓ. ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስት ቤተ ሰቡን በእኩልነት እንዲመሩ ደነገገ። ሆኖም በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ከወሊድ በኋላ ለእናት 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የወለደች ሴት አካሏ ሊያገግም ይገባዋልና የእርሷ መብዛቱ ትክክል ነው። ነገር ግን በ3 ቀን ሕፃን ማቀፍ የሚለምድ አባት ማን ነው?

በመምህርነት በኖርሁበት ዘመን ያየሁት ከዚህ ይከፋል። እናት ያልቻለችው ሸክም ወደ አባት አይሻገርም፤ በታላቂቱ ሴት ልጅ፣ ወይም ከገጠር በመጣች ልጃገረድ ሠራተኛ ላይ ይወድቃል። ወንድሟ ትምህርቱን ሲያጠና እርሷ ሕፃን አዝላ ታመሻለች፤ በማግሥቱም ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፤ ሰነፍም ትባላለች።

ሚስቱን የሚረዳውን ወንድ «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» እያሉ የሚሥቁበት አሉ። በሐረር ግን ጅብ ከሰው እጅ ይበላል። ከጅብ ጋር የተላመደ ከተማ ልጅ ሕፃን ማጠብን ሊፈራ አይገባውም። አንቺም እኅቴ፣ ሊያጭሽ ስለ መጣው ሰው ደመወዙን ብቻ አትጠይቂ፤ ልጅ ሲታመም ሌሊት ማን እንደሚነሣም ጠይቂ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስለዚህ አንተ ወጣት፣ እናትህን ብርቱ ከማለትህ በፊት ዘንቢሏን ተቀበላት።