ፈጣን ምርመራና የመጨረሻ ፍርድ

በዛሬው ጽሑፋችን ባልና ሚስት በሐኪም ቤት ብዙ ጊዜ ሳይረዱት ስለሚፈርሙበት አንድ ነገር እንነግራችኋለን።

በቃሊቲ በምትኖር፥ ገና ልጅ ባልወለደች አንዲት ወይዘሮ የዕንቍላል ማፍሪያ ላይ ዕጢ ተገኘና ኦፕራሲዮን ታዘዘላት። ባለቤቷም ወደ እኔ መጥቶ፦ «ሐኪሙ፥ እርሷ እንደ ተኛች ዕጢው ተመርምሮ ነቀርሳ ከሆነ ማሕፀኗም ጭምር እንደሚወጣ ነገረኝ። የደቂቃዎች ምርመራ ይታመናል ይላሉን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን ከዚህ ጻፍነው።

ዕጢው እንደ ወጣ ቁራጩ ወደ ምርመራ ክፍል ይወሰዳል። በዚያም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያህል ብርድ ከረጋ በኋላ እጅግ ቀጭን ሆኖ ይቈረጣል፤ ቀለም ተቀብቶም በማይክሮስኮፕ ይታያል። መልሱ ብዙውን ጊዜ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ይደርሳል። ይህን ዘዴ በአሜሪካ አገር የሴቶች ሐኪም የነበረው ቶማስ ከለን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ጽፎ አሳተመው፤ በ1905 ዓ.ም. ደግሞ የማዮ ክሊኒኩ ሉዊስ ዊልሰን አሻሽሎ ለዕለት ሥራ አበቃው።

ስለ እውነተኛነቱም ኮክሬን የተባለው የሐኪሞችና የተመራማሪዎች ማኅበር እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. 38 ጥናቶችን፥ ይኸውም ከ11 ሺህ የሚበልጡ ሴቶችን ጉዳይ መርምሮ ነበር። ፈጣኑ ምርመራ «ነቀርሳ ነው» ካለ በአማካይ ከመቶ 99ኙ፥ «ነቀርሳ አይደለም» ካለ ከመቶ 94ቱ በመጨረሻው ምርመራ ይጸናል። «በሁለቱ መካከል ነው» ባለ ጊዜ ግን ከመቶ 21ዱ ኋላ ነቀርሳ ሆኖ ይገኛል። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ብርዱ የሥጋውን መልክ ያበላሻል፤ ዕጢው ትልቅ ሲሆንም ከጥቂት ስፍራ ብቻ ተቈርጦ ስለሚታይ ክፉው ክፍል ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሥጋው በፓራፊን ሰም ተይዞ በሚከተሉት ቀናት እንደ ገና ይመረመራል። በፍርድ ቤት አነጋገር ፈጣኑ ምርመራ ብይን ነው፤ የሰሙ ምርመራ ግን ፍርድ ነው።

ለወጣቱም እንዲህ አልሁት፦ «አስቀድመህ መሣሪያውና መርማሪው በዚያው ሐኪም ቤት መኖራቸውን ጠይቅ። ሚስትህ እንደ ተኛች ቁራጩ ከቃሊቲ ጥቁር አንበሳ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሐኪም የለምና። ሁለተኛም መልሱ አጠራጣሪ ቢሆን ምን እንደሚደረግ ይነገራችሁ። ልጅ ለምትመኝ ሴት የታመመውን ወገን ብቻ አውጥቶ የመጨረሻውን መልስ መጠበቅ ይቻላል። ለሁለተኛ ጊዜ ኦፕራሲዮን መሆን ሥቃይና ወጪ ቢኖረውም የወጣ ማሕፀን ግን አይመለስም።»

በመጨረሻም፦ «ለመሆኑ ሚስትህ ምን አለች?» ብለው ዝም አለ። አልጠየቃትም ነበር።

በማግሥቱ ግን ሁለቱ አብረው ወደ ሐኪሙ ሄዱ። እርሷም፦ «የታመመው ወገን ይውጣ፤ መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ግን ማሕፀኔ እስከ መጨረሻው ፍርድ ይቈይልኝ» ብላ በገዛ እጅዋ ፈረመች።

አንባቢ ሆይ፤ «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። በኦፕራሲዮን ክፍል የፈሰሰው ግን አይለቀምምና፥ ከመፈረም በፊት መጠየቅ፥ ከሁሉም በፊት ባለቤቲቱን መጠየቅ ይገባል።