«ያረጀውን ሽጡ» ለሚሉን

ያረጀ ሞተር ሳይክል ማሳደስ ለምውት መድኃኒት መግዛት ነው ሲሉ የጻፉት ሊቅ፣ ከመርሳ በስሪንቃ አልፎ ወልድያ፣ ከዚያም የድልብን ዳገት የሚወጣውን ሰው ኪስ ሳይመረምሩ ብይን መስጠታቸው ያስደንቃል። የማስነሻ መርገጫው ያለ ተቃውሞ ቁልቁል የሚወርድ፣ ዳገት ላይም ጉልበት የሚከዳው ያማሃ ዲቲ 125 ድውይ እንጂ ምውት አይደለምና፣ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ውስጡ ተስተካክሎ፣ በልኩ ሰፋ ያለ ፒስተንና አዲስ ፋሻ ሲገባለት ወደ ቀደመ ኃይሉ ይመለሳል። አዲሱ ባለ 4 ምት ቦክሰር በቤንዚን ቆጣቢነቱ ይበልጠዋል፤ ነገር ግን በሚቆጥበው ቤንዚን የመግዣውን ዕዳ እስኪከፍል ድረስ እርሱም ማርጀቱን ሊቁ በስሌታቸው አላስገቡትም። የአሮጌው ሞተር ሳይክል ሻንሲ የተሰነጠቀ፣ ወይም የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር የማይስማማ ከሆነስ ፍትሐት ይገባዋል፤ በፋሻ ምክንያት ግን ተዝካር አናወጣም።